አራተኛው አፍ

ቱሪን የገባሁ ሰሞን፣ አፌ ባዶ ቤት ነበረ፣
«እንዴት ዋልክ» እንኳ ለማለት፣ ምላሴ የተቸገረ።
ሴኮንዶ ግን ከመኪና ሥር፣ እጁን ብቻ ዘርግቶ፣
«ካቻቢቴ» ቢል፣ እጄ ሰጠው፣ ከእኔ ፈጥኖ ተረድቶ።
«ካንዴላ» አለ፣ ሰጠሁ። «ቡሎን» አለ፣ ሰጠሁት።
«ቴስታ»፣ «ኮፋኖ»፣ «ማርሚታ»፤ አንድ በአንድ አወቅሁት።
ወጥቶ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ «ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ» አልኩት፣
የሀገሩን ቃል ለሀገሩ፣ በዘይት ለውሼ መለስኩት።

ሰባት ዓመት ሠራን እንዲህ፣ ባሪዬራ ዲ ሚላኖ፣
ከባቡር ድልድዩ ሥር፣ ሰማያችን ክፍት ኮፋኖ።

ኅዳር ላይ ኦርኔላ መጣች፣ የሌሊት ትራም የምትነዳ፣
አሮጌ ዴልታዋን ይዛ፣ ለሱዛ ዳገት ልትሰናዳ።
ተርቦው ደኅና ያፏጫል፤ ዳገቱ ሲጠና ግና፣
አራተኛው ፒስተን ይቀልጣል፤ ይለወጣል፣ ይቀልጣል እንደገና።
ሦስት ጋራዥ ዞራለች፤ «ነዳጅ አጥቶ ነው» ብለዋታል፣
«ካንዴላው ነው» ያሏትም አሉ፤ ሁሉም ተቀብለዋታል።
ሴኮንዶ የላስቲክ ቱቦ፣ ከጆሮው ወደ ሞተሩ ሰክቶ፣
ቆየ፣ ቆየ፣ ቆየና፣ ቀና አለ ግንባሩን ፈትቶ፤
«ተራበ ያለው ማነው? ይሄኛውማ ጠግቧል፤
የሦስቱን ወንድሞቹን አየር፣ ዳር ቁጭ ብሎ ሰልቅጧል።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተርቦው፣ ነፋሱን ሲገፋው በኃይል፣
የቸኮለ ነፋስ ደጅ አያይ፤ አንደኛውን በር ያልፋል፣
ሁለተኛውን ያልፋል፣ ሦስተኛውንም ያልፋል፣
ከጓዳው ግድግዳ ተላትሞ፣ ባራተኛው አፍ ይገባል።
ነዳጁ ላራቱም እኩል፣ በአንድ ቁና ተሰፍሮ፣
አየር የበዛበት ነደደ፤ ጥጋብ ገደለው ዘንድሮ።

ያን ዕቃ ስሙን አላውቅም። እኛ ጋ «ያ ነገር» ይባላል፣
ማንም ፈትቶት አያውቅም፤ እንደ ተገጠመ ያረጃል።
«ኮሌቶሬ» አለኝ፤ ገባኝ፤ ሰብሳቢ ማለቱ ነው።
«ዲ አስፒራዚዮኔ» ሲል ግን፣ ይሄኛው ደግሞ ምንድን ነው?
አፉን ከፈተ፣ ደረቱ እስኪነፋ አየሩን ማገ፤
ቀጥሎ በአገጩ ብቻ፣ ወደ ኦርኔላ ጠቆም አደረገ።
እሷ በር ላይ ቆማለች፣
በረዶ የለበሰው ተራራ ላይ ዓይኗን ተክላ።
አንድ ቃል ነው ለካ።
መማግም ነው። መመኘትም።

ቆረጥነው ባንድ ምሽት፤
ሆዱ የሠላሳ ዓመት፣ ዘይት ያላቆጠው ጥላሸት።
አዲሱን ጎተራ ሠራን፣ ከመግቢያው ሰፊ ሆዱ፣
ወደ አራተኛው ሲደርስ፣ እየጠበበ መንገዱ፤
ነፋሱ እንዳይንደረደር፣ ሁሉንም በር እንዲያንኳኳ፣
አራት የጡሩምባ አፍ፣ ሴኮንዶ በካሊፐር ለካ።
አሉሚኒየም ሳይሞቅ፣ ቢበይዱት ይሰነጠቃል፤
«የእህቴ የፒኑቻ ፉርኖ፣ ለዚህ ይበጃል» ብሏል።
(ፉርኖ እኛ ጋ ዱቄቱ፣ እዚህ ምድጃው ነው ስሙ፤
ቃሉ መንገድ ላይ ሳለ፣ እህልና እሳት ተሻሙ።)
ሁለት መቶ ዲግሪ ላይ፣ ያን ዕቃ እንደ ዳቦ ጋገርን፤
ዳቦዋ ናፍጣ ናፍጣ ሲል፣ ሳምንት ሙሉ ስድብ ጠገብን።

አፉን ደፍነን፣ አየር ሞልተን፣ ሳሙና ቀባነው ከላይ፤
አንዲት አረፋ ጠቀሰችኝ፣ በእኔው ብየዳ ስፌት ላይ።
ሴኮንዶ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሲጋራ ይለኩስ ነበር፤
ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ቀዳዳዋ የመርፌ በር።
ዝም አልኩም፣ ትንሽ።
ከዚያ «ያፈሳል» አልኩት፣
ሰዋስው ሳላጠፋ፣ በእሱ ቋንቋ፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ።
እንደገና ሞረድ። እንደገና ፉርኖ። እንደገና ስድብ።

በሰኔ፣ ሱዛ ዳገት ላይ፣ አሥራ አንደኛ ሆና ወጣች።
ዋንጫ የለም፤ ጓንቷን አውልቃ፣ ቆማ ውኃ ጠጣች።
ሴኮንዶ ሰዓቱን አልጠየቀም፤ ሞተሩ እስኪበርድ ታግሦ፣
አራቱን ካንዴላ ነቅሎ፣ ደረደራቸው መነጽሩን አብሶ።
አንደኛው የደረቀ ሸክላ መልክ።
ሁለተኛው ሸክላ። ሦስተኛው ሸክላ።
አራተኛውን አነሣ፣ ወደ ፀሐይ፣ አገላበጠ፣ አገላበጠ።
ሸክላ።
«ዴባ» አለኝ፣ (ደባልቄ ማለት ሰባት ዓመት አቅቶታል)፣
«ኮፋኖውን ዝጋው፤ ይበቃል።»