የፊዚክስ ጥያቄ

ባሻ ወልዴ ችሎት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ እኔ።
ሐኪሙ "ስኳር ነው፤ ነጭ ዱቄት ይቅርብህ" ሲለኝ
ትዝ ያሉኝ ቲቸር ኩሪያን ናቸው፤
ከኬረላ መጥተው ፊዚክስ ያስተማሩን፣
በምሳ ሰዓት ከላቦራቶሪው ጓዳ
እርድ እርድ እየሸተቱ የሚወጡት።

"ዳጉሳ" ስላት እህል ሻጯ ሳቀች፦
"አረቄ ሊያወጡ ነው ጋሼ?"
የለም እቴ፣ ልበላው ነው፤
ሳይፈጭ፣ እንዳለ፣ ከምስር ክክ ጋር፣
ዱባና የሽፈራው ቅጠል ጨምሬ።

ሰናፍጩ ዘይት ውስጥ ጣ! ጣ! አለ።
ክዳኑን ጠረቀምኩ።
መብራት ሄደ።
መጣ።

"ግፊት ሲጨምር ውሃ በስንት ይፈላል?"
ያኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ፤ ዜሮ ሰጡኝ።
ዛሬ ድስቱ ሦስቴ ሲያፏጭ
ብቻዬን እጄን አወጣሁ፦
"ቲቸር፣ ከመቶ በላይ!"