እንከን ፈላጊው

አባቴ ሙሄ ይመር፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አቡጀዲ ሲለካ፣
እንከን መፈለግ ነው የተቀጠረበት፤
ጨርቁን በመብራት ፊት በጣቱ ሲሄድበት
የሳሳች ማግ ካለች፣ የላላች ድር ካለች፣
በጠመኔ ትከበባለች፣ «ትመለስ» ትባላለች።
እኛ ልጆቹማ
ለብሰን ያደግነው
እሱ የጣለውን ነው።

የራሱን ቀዳዳ ግን ጣቱ አልደረሰበት።
እኔ ጡት ሳልጥል ነው፣ ሐረጎ እጥፋት ላይ
የጥጥ መኪናው ከነሱ የተገለበጠበት።
ከቦንዳው ሥር ወጣ፣ ጥጡን አራገፈ፣
«ጎኔን ነካ አረገኝ» አለ፤ ነገሩም አለፈ።
በአራተኛው ቀን ፈረቃው ገባ።

ከዚያ ወዲያ፣ ራት ሲበላ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ።
ፋርማሲው «ጨጓራ»፣ ጎረቤት «እርጅና»፤
እሱ ዝም። ነገር በሆዱ የሚያድር ሰው ነውና።

ማክሰኞ ሌሊት
ሆዱ ጎደጎደ፣ ደረቱ ተነፋ፣
ያስመለሰው ሁሉ ሐሞት ሆነ፣ ከፋ።
አምቡላንሱ ወደ ደሴ ሽቅብ፤
ጉም ሐረጎን ውጦት፣ የሾፌሩ ፊት ላብ በላብ።
እጥፋቱ ላይ ስንደርስ
ኦክስጅኑን ከአፉ ገለጥ አርጎ
«እዚህ ጋ ነው» አለኝ።
የቃዠ መስሎኝ አለቀስኩ።

ዶክተር አበጋዝ ልጅ ነው፣ ጢሙን ገና ያበቀለ፤
ማዳመጫውን ግራ ደረቱ ላይ ተከለ፣
ቆየ።
«ትንፋሽ የለም እዚህ፤ ያጉረመርማል እንጂ፣
የክረምት ጎርፍ እንደገባበት ቱቦ።»
ራጁን ወደ መብራት አነሣው፣
ልክ አባቴ ጨርቅ እንደሚያነሣው።
«ሆድና ደረትን የሚለይ ስስ ግርዶሽ አለ፤
የቆየ ቀዳዳ ነው። አንጀቱ ሾልኮ ወጥቶ፣
ሳንባውን ጨፍልቆ፣ ልቡን ወደ ቀኝ ገፍቶ፣
እዚያው ታንቋል። በዚህ ዕድሜ ብዙ አይገጥመንም።
ካልከፈትን አይነጋለትም።
ብንከፍትም ቃል አልገባም።
ፈርሚ።»
እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፤ ከዘበኛው ተዋስኩ።

አግዳሚው ላይ ሆኜ ይህን ሳስብ ነጋ፦
ሆዱ ያኖረው ሁሉ፣ ያልነገረን ሁሉ
ሲጠበው ነው ወይ አንጀቱ
ሽቅብ ወጥቶ ወደ ልቡ የተጠጋ?

የጦሳ አናት ቢጫ ሲሆን
ዶክተሩ ወጣ፣ ቆቡ ተጣምሞ፣ ጫማው ላይ ደም።
«አንድ ስንዝር ጠቁሮ ነበር፤ ቆረጥነው።
የቀረውን ወደ ቦታው መለስነው።
ቀዳዳው ቡጢ ያስገባል፤ በማይሟሟ ክር
ደርበን ሰፋነው።»
«ደርበን» ሲል አመንኩት።

በስድስተኛው ቀን፣ ትራስ ደገፍ ብሎ፣
በስሱ ፋሻ ላይ ስፌቱን በጣቱ ይሄድበት ጀመር፣
ከላይ እስከ ታች፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ድሮው።
አንድ ቦታ ቆመ።
«ይቺ ላልታለች» አለ።
ነርሷ ሣቀች።
በሌለ ጠመኔ ዙሪያዋን ከበባት፤
ጠበቅን።
«ትመለስ» ግን አላላት።