በውኃ የተጻፈ

የሌሊት ካፖርቴን ሳላወልቅ ገና፣
ጭጋግ ተከናንቦ ሳይነቃ ጣና፣
ከተፍ ይላል ሊን፣ የድልድዩ ቀያሽ፣
በአንድ እጁ ባልዲ፣ በአንድ እጁ ብሩሽ፤
እጀታው መጥረጊያ የሚያህል ረጅም፣
ቀለም ግን የለውም።
ከሐይቁ ነክሮ በዳሩ ድንጋይ ላይ
ቁልቁል ይጽፍበታል፤ ሰባተኛው ሳይታይ
የፊተኛው ይደርቃል።

«ምንድን ነው ይሄ?» ስለው፣ በዚያ አማርኛው፣
ከአሸዋና ከብረት ጋር በለመደው፦
«ግጥም። የድሮ ሰው። ሺህ ዓመት። ንጉሥ ተቆጣ።
በአንድ ስንኝ፣ ከሹመት ወጣ።
ሩቅ ሄደ። ሐይቅ አለ፤ እንደዚህ።
ግድግዳ ላይ ጻፈ፣ ዝናብ አጠበ። አሁን፣ እዚህ»
ብሎ ደረቱን ነካ።
«ማን አቆየው?»
«ያደረበት ቤት ሴት። ገንዘብ የለውም፣
ግጥም ከፈለ። እሷ አልረሳችም።
ሌላ ገጣሚ ብዙ፣ ብዙ ብዙ፤ ያቺ ሴት የለችም።»

እኔም ዋሸራ ነበርሁ፣ ቁራሽ ለምኜ ያደርሁ፣
ቅኔ ቆጥሬ ቆጥሬ ሳልዘርፍ የቀረሁ።
የኔታ ዕንባቆም ከማኅሌቱ መሐል
አንዴ ነው የሚዘርፉት፤ «ይበል!» እንላለን፣ ያልፋል።
ቅኔ አይደገምም፣
የትናንቱ ለዛሬ አይቀርብም።
ያን ዕለት ምስለኔው ከፊት ተደላድሎ፣
እሱም «ይበል!» አለ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ።
ወርቁ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው፤
በአራተኛው የኔታን ታንኳ ላይ አየናቸው፣
ወደ ደሴት ሲወስዷቸው፣
ጥምጣማቸው ከደንገሉ በላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ እስኪጠፋን።
እዚያው አረፉ። ከዚያ ቅኔ በእጄ ያለው ግማሹ ነው፦

ዓባይ ጣና ገብቶ ሳይታጠብ ወጣ።

ወንዙን ለሊን ነገርሁት። ውሸታሙንም ነገርሁት።
ሳቀ፣ ባልዲውን እስኪደፋ።
«ቀሪውስ?»
«ጠፋኝ።»
ዝም አለ።
ከዚያ ያንን ግማሽ በራሱ ፊደል ጻፈው፣
ይብራው ከድንጋዩ ሳይነሣ ደረቀ።

ድልድዩ አለቀ። ሊን ሄደ። ብሩሹን
ተወልኝ፣ ከዘብ ቤቱ በር ኋላ።
አሁን ማለዳ ማለዳ የምጽፈው እኔ ነኝ፣
ወገቤ እንደፈቀደ፤ «ወጣ» ስል «ዓባይ» ደርቋል።

ትናንት አንዲት ተማሪ በዚያ ስታልፍ ቆመች።
አነበበች።
«አባባ፣ ከዚያስ?»
«አላውቅም፣ ልጄ።»
ቦርሳዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች፣
በጣቷ እየቆጠረች፣
በ«ጣ» የሚያልቅ ነገር ለራሷ እያጉተመተመች።