ዘጠኝ ኩንታል ቤት

ቤቲቱ አልቃለች፤ የቀራት እግሯ ነው፣
በአራት በርሜል ላይ ጓሮ ነው የቆመችው።
ወለሏ ጽድ ነው፣ ግድግዳዋ ላሜራ፣
መስኮቷ የአውቶብስ፣ በገመድ የሚሠራ፤
አልጋዋ ተጣጣፊ፣ ምድጃዋ የጋዝ፣
ሁለት ጀሪካን ውሃ በጎኗ የሚያዝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለመንገድ ሥራ አድሬ፣
ሸራ ሥር ተኝቼ፣ ጠጠር ቆጣጥሬ፣
ጡረታ ስወጣ መዲና አለችኝ፦
«የሠራኸውን መንገድ አንድ ቀን አሳየኝ።»
ከባቲ ቁልቁለት፣ ከሐይቅ እስከ መርሳ፣
በየድልድዩ ሥር ልንበላ ነው ምሳ።

ታዲያ ይቺን ጎጆ የሚሸከም ማን ነው?
ደላላው እንድሪስ «ሞልቷል» ነው የሚለው።
አንዷን አመጣልኝ፤ ቀይ፣ ታብረቀርቃለች፣
ጎማዋ አዲስ ነው፣ ዘፈንም ታውቃለች።
ሙሄ መካኒኩ ከሥሯ ተኛና፣
ብዙ ዝም አለና፣ ተስቦ ወጣና፣
እጁን በቡትቶ እያባበሰ
«የሙሽራ መኪና» ብሎኝ ተመለሰ።

«ጋሽ ይመር፣ ቀለሙን፣ መብራቱን ተወው፤
በቅሎ በጥርሷ ነው፣ ይህ በወገቡ ነው።
ሞተር ሁሉ ይፎክራል ሜዳ ላይ ሲነዳ፣
ባሌስትራ ነው እንጂ የሸክም ባለዕዳ።
ድርቡን ቁጠረው፤ አራት ከሆነ እለፍ፣
ሰባት ከሆነ ግን አረፍ በል፣ ተለፋለፍ።
ቤቷስ ምን ትከብዳለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ
«ቀላል ናት» አልኩት፤ እኔው የሠራኋት ነኝ።

ሳቀ።
በአይሱዙ ጫንናት እስከ እህል መጋዘን፣
ቤቴን እንደ ማሽላ ሚዛን ላይ አስቀመጥን።
ዘጠኝ ኩንታል።
ባዶዋን። ያለ ውሃው፣ ያለ ፍራሹ፣
ያለ እኛ፣ ያለ ባሏ፣ ያለ ሚስቱ።

በካርቶን ክዳን ላይ ሂሳቡን ጻፍን፦
ውሃና ፍራሹን አንድ ኩንታል አልን፤
እኔ ሰባ ኪሎ፤ «አንቺስ?» ብል ተቆጣችኝ፣
«ጻፍ የፈለግከውን፤ መኪናው ይፈርዳል» አለችኝ።
ከአሥር በላይ ሆነ። ማታ በፋኖስ
ጽዱን ነቀልኩት፣ ሚስማሩን ሳልጨርስ
ኮምፔንሳቶ አነጠፍኩ፤ ቀለለች ሁለት ኩንታል፤
እንጨት ለሚያውቅ ሰው ይህም ያሳፍራል።

ሁለተኛዋ ነጭ፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣
ወንበሯ የቆዳ፣ ሸጋ ናት ቁመና፤
መጫኛዋ ግን አጭር፣ እንደ አልጋ ለልጅ፣
ቤቲቱ ብትጫን ግማሿ ከደጅ፤
ጭነቱ የኋላውን ጎማ ያልፍና
መሪው ይቀልላል፣ ፊቷ ይላል ቀና።
ይህን እየነገርኩ ዞር ብል፣ መዲና
የኋላውን በር ከፍታ፣ ዝም ብላ ቆማ
ወንበሩን ትዳስሳለች።
ሸምሱ በባቲ ወጥቶ ባሕር ከተሻገረ
ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስልኩም አልተናገረ።
«ይቅር» አለች፣ «ይሄን አልፈልግም፤
ባዶ ወንበር ጭኜ አገር አላይም።»

ሦስተኛዋ ከግብርና ቢሮ፣ ከጨረታ፣
ቀለሟ እንደ አመድ፣ ግማሹ ተፍቆ፣
አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ በሯ በሽቦ ታስሮ፤
ሙሄ ከሥሯ ሆኖ ሲቆጥር ሰማሁት፦
«...አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።»

አሥር ኩንታል ማሽላ ተበድረን ጫንን፣
የሐረጎን ዳገት በሁለት ማርሽ ወጣን።
ጦሳ ጉም ለብሷል። እኔ ደስ ብሎኝ
«ቻለች!» ስል ሙሄ ክንዴን ያዘኝ፦
«አብሽር፤ መውጣትማ ማንም ይወጣል፤
መውረዷን አሳየኝ፣ ዋጋው ያኔ ይቆረጣል።»

ወረድን። ፍሬኗ አልሸተተም፣ አልጮኸም።
ኩርባው ላይ «ይሄን ግንብ ያስገነባሁት እኔ ነኝ» አልኳት፤
አየችው፣ አየችው፤ «ጠማማ ነው» አለች።

ሊብሬው ተዛወረ። ቤቷም ወገብ አገኘች።
ግን ነጠላ ጋቢናም ለሦስት ነው ሥራዋ፤
በእኔና በእሷ መሐል አንዲት ስፍራ አላት ባዶዋን።
መዲና ዘንቢሏን እዚያ አስቀመጠች፤
ደግሞ አነሣችና እግሯ ሥር አኖረች።