የእድፍ ንባብ

ሌላው ከሰሌዳ ውጤት ያነባል፣
ለእኔ ግን ጨዋታው በቅርጫት ይመጣል።
ቅዳሜ ሲመሻሽ፣ ከጂምናዚየሙ ሥር፣
ስልሳ ሁለት ማሊያ፣ ላብና አፈር።
ዋንዳ ነኝ፣ አጣቢ፤ ሃያ ስድስት ዓመት
ከሦስት ማሽን ጋር የኖርኩ በምድር ቤት።
በማድረቂያው ቱቦ ጩኸቱ ይገባል፤
ማን እንዳስቆጠረ ግን ማን ይነግረኛል?

ነብራስካ ሜዳ ነው፣ ዓይን የሚያቆም የለም፣
ከበቆሎው ወዲያ በቆሎ ነው ዓለም።
የኮሌጁ ተማሪ ሺህ እንኳን አይሞላም፤
ቅዳሜ ሲሆን ግን ከተማው አይቀርም።
እግር ኳስ ይሉታል በእጃቸው ይዘው፤
እግርማ የሚነካው አንዳንዴ ብቻ ነው።
ባሌ፣ ነፍሱን ይማር፣ ሕጉን ሊያስረዳኝ
ዐሥር ዓመት ለፋ፤ እስከ ዛሬ አልገባኝ።

እድፍ ግን ይገባኛል።

መስከረም አረንጓዴ ነው።
ክርንና ጉልበት በሣር ተለቅልቆ
ሦስት ጊዜ መጣ፣ በድል ተጨማልቆ።
ልጆቹ ደረጃውን በዘፈን ሲወርዱ፣
"ሚስ ዋንዳ፣ ያዢ!" እያሉ፣ ካልሲ እየወረወሩ ሲያብዱ።
የሣር እድፍ በኮምጣጤ ይለቃል።
የድልም እንደዚያው፤ ሳምንት አይቆይም፣ ያልቃል።

ጥቅምት ላይ ዘነበ።
የማሎ ፋሌኦ ማሊያ፣ እንደ ድንኳን ሰፊ፣
ውሃ ጠጥቶ መጣ፣ ትከሻ አጣፊ።
ሳሞአ ያለች እናቱ ብታየው ምን ትል ነበር?
በየስፌቱ ውስጥ የነብራስካ አፈር።
አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጊዜ ተሸነፉ፤
ደረጃው ላይ፣ ዝም ብለው፣ እንደ ጥላ አለፉ።
የዴቮን ኪትል ማሊያ ከአንገት እስከ ወገብ
በመቀስ ተቀዶ መጣ።
ሐኪም ሲቸኩል ማውለቅ አይሆንለትም።
ጣይው ነው ያሉኝ። ሰፋሁት። ማንም አላዘዘኝም።
ክንዱ እስከ ዛሬ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል፤
ስጠይቀው፣ ደህና ነኝ፣ ይላል።

አሥራ አራት ቁጥር ደግሞ አለ።
ኤምሪ ሶቦትካ፣ ሦስተኛው ኳስ ወርዋሪ፣
ወርውሮ የማያውቅ፣ የመስመር ዳር ኗሪ።
ማሊያውን አጣጥፎ በሁለት እጁ ይሰጠኛል፣
እንደ ተዋሱት ዕቃ፤ ያለፈውን ሳምንት ሳሙና ይሸታል።
አባቱ ከአጨዳው፣ ኮምባይነሩን አቁሞ፣
ከነአቧራው ይመጣል፤
ልጁ ሲቆም ሊያይ፣ እሱም እዚያው ቆሞ።
ጭቃ ይከብዳል ይላሉ፤ ይሁን፣ ይከብዳል፤
እኔን ግን ያ ንጹሕ ማሊያ ክንዴን ይቆርጠኛል።
ማንም እንዳያውቅበት ከሌሎቹ ጋር
እጨምረዋለሁ፤ እሱም አብሮ ይሽከርከር።

ኅዳር፤ የመጨረሻው። በረዶ።
አርባ አንድ ለስድስት። ሕዝቡ ቀድሞ ሄዶ
ቱቦዬ ዝም አለ። ማሽኖቼን አጥፍቼ
አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። ተቀመጥኩ ሰልችቼ።
ከዚያ ኮቴ ሰማሁ። ልጁ ነው። ማሊያውን አላወለቀም፤
ከአገጩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ያልነካው የለም።
"ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ ወረወርኩ፤
አንዱ ተያዘ" አለኝ። ላቅፈው እጄን ሰደድኩ።
"ማን ያዘልህ?"
"እነሱ።"
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባ እስኪወርደኝ።
"ግን ሮጥኩ፣ ሚስ ዋንዳ፤ አርባ ያርድ አባረርኩት፣
መስመሩ አፍ ላይ ሲደርስ እግሩን ይዤ ጣልኩት።"
ከዚያ ደረቱን አየ፤ ድምፁ ዝቅ አለ፦
"ይለቃል?"
"ሥራዬ ነው" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ሰኞ ነከርኩት። በቀዝቃዛ፣ ከዚያ በሙቅ።
ጭቃው እሺ አለኝ፤
ከግራው ክርን ላይ ግን የአውራ ጣት ታህል ቀረች፣
ጥቁርም አይደለች፣ አረንጓዴም አልሆነች።
በረኪናውን አነሳሁ።
ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

በመጪው መስከረም ሌላ ልጅ ይለብሰዋል፤
"ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል።
ሁለተኛው ማሽን ቀበቶው ሊበጠስ ነው፤
ብርዱ ሳይጠና ለጥገናው ሰው ልንገረው።