አንድ ጣት ለዝናብ

ሐሙስ አመሻሹን፣ ከኑኦሮ ዳር፣ ከጋቪና በር፣
ባኪዚዮ መጣ፤ ቀይ ላንቺያው ስታጓራ፣ ጠጠሩ ሲበር።
ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን ሳይዘጋ፣
«አጠንክሪልኝ» አላት፣ «ድንጋይ ትሁን፣ አትላጋ፤
እሁድ የዳገት ውድድር ነው፣ ወገቧ አይታጠፍ፣
ኩርባው ላይ እንደ ሰካራም ግድግዳ አትደገፍ።»

ጋቪና ዝም።
እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ጨርቁ ከእጇ ይብስ ጠቁሮ፤
ክሪኩን ከሥር ገፋችው፣ ብረት በብረት ላይ ዞሮ፤
ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ፣ እፎይ እንዳለ ሰው
ቀስ ብሎ ተንጠለጠለ፤ በመዳፏ ዳሰሰችው።
በውስጥ በኩል ጠርዙ አልቋል፣ በውጭ ገና አዲስ፤
የጫማ ተረከዝ ያሳብቃል፣ ባለቤቱ ሲያነክስ።
«ይሄ» አለችኝ ለኔ፣ «መንገድ የሚረግጥ ጎማ አይደለም፤
እየዘለለ የሚሄድ ነው። የዘለለ ደግሞ አይጨብጥም።»

ከኪሷ ቀይ ክር አወጣች፣ ስስ የልብስ ስፌት ክር፣
በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ አሰረችው፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር።
ዘንጉ ሲጠልቅ ክሩ ይገፋል፤ ሲመለስ ክሩ ይቀራል፤
ምን ያህል እንደ ተነፈሰ ያለ ሐሰት ይመሰክራል።

አብረን ወጣን ወደ ተራራው፣ በቡሽ ዛፎቹ መካከል፣
ቅርፊታቸው እስከ ወገብ ተገፎ፣ ግንዱ ደም ሲመስል።
ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ ሥር አስፋልቱን ያነሣው ቦታ፣
መኪናዋ ዘለለች፤ ጥርሴ ከጥርሴ ተማታ።
«ፍጥነት ይሉሻል ይሄ!» አለ ባኪዚዮ፣ በኩራት ድምፅ፤
የጋቪና ጆሮ ግን ጎማው ላይ ነበር፣ ሲጮኽ፣ ሲያምፅ።

ወርደን ክሩን አየን፤ ሁለት ጣት ብቻ ተጉዟል።
«መተንፈሻው አምስት ጣት ነው፤ ሦስቱን አንተ ወስደህበታል።»

አባቷ የድንጋይ ጫኝ ካሚዮን ባሌስትራ ሲጠግን ኖሮ፣
«ያልታጠፈ ብረት ይሰበራል» ያላት ከጆሮዋ አለ ተቀብሮ።
ማስተካከያውን ወደ ግራ አዞረች፤ ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቆመች።
አሰበች።
አንድ ጨመረች።
ጠንካራውን ሞላ አውጥታ በለስላሳው ተካችው፤
የጎማውን ማዘንበል በክርና በቱንቢ ለካችው።

ከዚያ ፍሬን። እኔ ከመሪው ኋላ፣ እሷ ከጎማው ሥር፤
ቱቦው የሚተፋው ዘይት መልኩ የተቀቀለ ምስር።
«ጫን!» ትለኛለች። እጫናለሁ።
«ያዝ!» እይዛለሁ።
«አትልቀቅ! አረፋው ገና አላለቀም።
አየር የገባበት ፍሬንና አየር የገባበት ቃል
ሲደገፉት አይቆምም።»
ሠላሳ ጊዜ ያህል ጫንኩ፤ ባቴ ዛለ፤ ጀንበር ጠለቀች፤
ዘይቱ ጠርቶ ወረደ፤ ፔዳሏ እግሬን መለሰች።

አዲስ የፍሬን ሸራ ማላመድ የሌሊት ሥራ ነው፤
መሮጥ፣ ሳይቆሙ መያዝ፣ ደግሞ መሮጥ፣ እስኪግል፣ እስኪሸት፤
ከዚያ የእጅ ፍሬን ሳይስቡ፣ ብቻውን እንዲበርድ መተው።
ባኪዚዮ አጉረመረመ፤ «ሸራም ደግሞ ይለመዳል?»
«ሰውስ ቢሆን» አለችው፣ «ሳይግል፣ ሳይበርድ፣ መች ይዋደዳል?»

እሁድ ሰባተኛ ወጣ።
ሰኞ ጧት ፊቱን አጥቁሮ መጣ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣለ፤
«ለሰለሰች። ሰነፈች። ፍጥነቷ አይሰማኝም» አለ።
«ሰዓቱስ?»
ጣሪያ ጣሪያውን አየ።
«ሰዓቱስ፣ ባኪዚዮ?»
«ካምናው በአራት ሰከንድ ይሻላል» አለ፣
ኀጢአቱን እንደሚናዘዝ ሰው አቀርቅሮ።

ጋቪና አልሳቀችም። ከሥር ገባች፣ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ፤
አራት ጣት በእጇ አሳየችን፣ ከወለሉ ሳትነሣ።
«አምስተኛዋስ?» አልኳት።
ባትሪውን ከአፏ አወጣች።
«እሷ የዝናብ ናት፤ ድንገት መንገድ የምታቋርጥ በግ ናት፤
መንገዱ ያልነገረን ብዙ አለ፤ ማረፊያ ተውኩለት።»

ክሩን አልፈታችውም።