የአዜኖር ባልዲ

ስድስት መቶ አሳማ ያደረበት ጋጣ
ጉድጓዱ ሞልቶበት አዛባው ሲወጣ፣
አባቴ ጉልቬን፣ ዝናብ በጠናበት ሌት፣
ማንም በማያየው፣ ከአጥሩ በስተጀርባ፣ ቧንቧ ከፈተለት።
"ወንዝ መንገደኛ ነው" ይለኝ ነበር ያኔ፣
"የሄደ አይመለስም፣ አይመሰክር በእኔ።"

ወንዙ ግን አልራቀም።
የብሬታኝ ባሕር ቅርብ ነው ለቤቱ፤
የሰጠነውን ሁሉ፣ ከነምልክቱ፣
አሸዋው ላይ ጣለው በሐምሌ ፀሐይ፤
አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ሳር የሚመስል ላይላዩን ሲታይ፣
ሲረግጡት የሚከረፋ እንደ ገማ እንቁላል፣
መስኮት የሚያዘጋ፣ ውሻ የሚገድል።

እህቴ አዜኖር በስድስት ዓመቷ
ትንሽ ቀይ ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትወርድ ከቤቷ፣
ገመድ ተወጥሯል፣ ሰሌዳ ቆሟል፤
"መግባት ክልክል ነው" ይላል።
ፊደል ለይታ ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል
ይኸው ነው። አባቴ ሰማት።
ያን ማታ ራት አልበላም።
ያን ማታ ግን ቧንቧውን ከፈተ። ዘንቦ ነበርና።

ዘንድሮ በባንክ ብር፣ በብሬቫል ሳቅ መሐል
(ጎረቤቴ ነው፤ ምን ያላለኝ አለ) ማሽኑ ተተክሏል።
አዛባውን ተቀብሎ፣ እንደታጠበ ልብስ ጠምዝዞ ጨምቆ፣
ፈሳሹ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ ይወጣል ተላቆ።
ደረቁ ተቆልሎ ትኩሳት ይይዘዋል፣
ሌሊት ጭስ የመሰለ ትንፋሽ ይተነፍሳል፤
እያገላበጥኩት ከርሞ ከርሞ ጠቁሮ፣
ብዘግነው ፈረሰ በጣቴ ተፈርፍሮ፤
ጫካ ጫካ ሸተተ። አርቲቾክ ገበሬው ተሰልፏል ደጄ፣
ትናንት አፍንጫውን የያዘው ወዳጄ።

የውሃው መንገድ ረጅም ነው።
ከገንዳ ወደ ገንዳ፣ አየር ተነፍቶበት፣
የማይታይ ተሐዋሲ ቆሻሻውን በልቶለት፣
በሸምበቆው ሥር አልፎ፣ በጠባብ ወንፊት ተጨንቆ፣
ጠብ ይላል ከጫፉ፣ ስሙን የረሳ ያህል ጠርቶ፣ ታጥቦ፣ ደምቆ።
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ላለን
ይኸው ታፈሰለት፤ የመብራቱ ሒሳብ ቢያሳብደንም እንኳን።

በብርጭቆ ቀዳሁ።
ብሬቫል "አንተ ቅመስ" አለ። እኔም፣ አልዋሽም፣
ከንፈሬን ብቻ ነካሁ፤ የላብራቶሪው ወረቀት "ንጹሕ ነው" ቢልም።

አባቴ መጣ በምርኩዝ፣ በሰማንያ ስምንት ዓመቱ።
ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። አሸተተው። ተወው።
ጋራዥ ገብቶ ብዙ ቆየ፤
አቧራ የለበሰ ቀይ ባልዲ ይዞ ወጣ፤
ከቧንቧው ጫፍ ሞላ፤
ከጥንቱ አጥር ጀርባ፣ በዚያችው ቦታ፣ በጉልበቱ ወርዶ
ወንዙ ውስጥ ገለበጠው፣ ቀስ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያጠጣ።

ሲመለስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።
"አንድ" አለኝ።
ባልዲውን መልሶ ቧንቧው ሥር ደገነ።